ሽቅብ በእግር፣ ቁልቁል በአሳንሰር

ሰውዬው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል፤ በገዛ እግሩ ግን የሕንፃውን አንዲት ደረጃ ረግጦ አያውቅም። እንዲያውም ይኮራበት ነበር። ባለ ስምንት ፎቁ ሕንፃ ውስጥ ያለችውን አንዲት አሳንሰር የሚጠግናት፣ የሚቀባት፣ የሚያባብላት እሱ ብቻ ነው። ተከራዮቹ ስሙን ረስተው «ጋሽ አሳንሰር» ይሉታል። አሳንሰሯ ስድስት ሰው ትይዛለች፤ መስታወቷ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ የአራተኛ ፎቅ ቁልፏ ደግሞ በአውራ ጣት ካልተጫኗት አልሰማም ትላለች። ስለ እሷ ክፉ የተናገረ ሰው ከእሱ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ሚስቱ «እኔንም እንደ እሷ ዘይት ብትቀባኝ ኖሮ ይሄ ጉልበቴ ባልተንቋቋ ነበር» ትለዋለች።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ጥሙ በዛ፣ ሽንቱ በዛ፣ ዓይኑ ብዥ አለበት። ሚስቱ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ የመጨረሻ ልጁን የምታክል ናት። ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፣ ቀጥላ ሆዱን አየች።

«አባቴ፣ ስኳር አለብዎት። ክኒን እሰጥዎታለሁ፤ ግን ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። በየቀኑ መንቀሳቀስ አለብዎት። ሦስት ወር እንሞክር። ካልወረደ በየቀኑ መርፌ ነው።»

መርፌ ስትል ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። ምስጢሩን እናውጣው፦ ይሄ በስምንት ፎቅ ጉድጓድ ላይ በአንዲት ቀበቶ ተንጠልጥሎ እያፏጨ የሚሠራ ሰው መርፌ ይፈራል። ልጆቹ ሲከተቡ ይዛቸው የምትገባው እናታቸው ነበረች፤ እሱ ውጭ ቆሞ ጆሮውን ይደፍናል። አንዴ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ሐኪሙ መርፌ ሲያነሳ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጥቷል፤ ጥርሱ እስከ ዛሬ አለ፣ እስከ ዛሬ ያመዋል። የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው!» አለ።

«በምን?»

«በአሳንሰር።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እስቲ ይንገሩኝ፤ አሳንሰሯ አንድ ወር ዝም ብላ ብትቆም ምን ትሆናለች?»

ኧረ ይሄን ጥያቄ ለእሱ! ቀና ብሎ ተቀመጠ። ቅባቱ እንደሚደርቅ፣ ፍሬኑ እንደሚይዝ፣ ሥራ የፈታ ብረት ዝገት እንደሚበላው፣ ስለዚህም ሰው ኖረ አልኖረ በየቀኑ ላይ ታች ማለት እንዳለባት ዐሥር ደቂቃ ሙሉ አስረዳት።

«ጨረሱ?» አለችው። «የእርስዎም ያው ነው።»

በገዛ ምላሱ ተያዘ። ሚስቱ አጠገቡ ሆና በአንድ ጣቷ ጎኑን ወጋ አደረገችው።

በማግስቱ የሕንፃውን ደረጃ በእግሩ መውጣት ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ሰው ሲያልፍ አምፖል የሚመረምር መስሎ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል። አምፖሉስ ጤነኛ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሐኪሟን ረገመ፤ አራተኛ ላይ ደረጃ የሚባል ነገር የፈጠረውን ረገመ፤ አምስተኛ ላይ የሚረግመው ሰው አጥቶ ተቀመጠ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሙቅ ውሃ አቅርባ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችው።

«እንቁላሉ እኮ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው!» አለ።

«ስፖርት ያስደስታል» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ውሸታሞች ናቸው ብሎ ደምድሞ ነበር። ደስታው የመጣለት ባላሰበው በኩል ነው፤ በወሬ። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። በሯን ገርበብ አድርጋ፣ ሬዲዮዋን ከፍታ ነው የምትሰፋው። ጠዋት ጠዋት ተከታታይ ድራማ አለ፤ እሱ ሲደክመው የሚቀመጥባት ደረጃ ደግሞ ከበሯ ፊት ለፊት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት የድራማው ባል ከቤት ኮበለለ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስትየው በኮቱ ኪስ ደብዳቤ አገኘች። ደብዳቤው ምን ይላል? ይሄን ለማወቅ አምስት ፎቅ መውጣት ነበረበት፤ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ሲገባት ያመለጠውን ክፍል በቁራጭ በቁራጭ ታስቀምጥለት ጀመር።

«ዛሬስ ምን ሆነች?» ይላታል።

«ስምንተኛ ደርሰው ይመለሱና እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ።»

ተንኮለኛ! ወር ሳይሞላው ስምንተኛ ደርሶ መመለስ ለመደ። ትንፋሹ ሰፋ፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። ድራማ በሌለበት አንድ እሁድማ እግሩን በላው። ከአልጋው ተነስቶ ሰፈሩን ሁለቴ ዞረው። ሚስቱ በመስኮት አይታው «ይሄ ሰው ምን ጠፋበት?» ብላ ደነገጠች።

እስከዚህ ድረስ እሰይ ነው። ችግሩ፣ ደረጃ ላይ ሰው ይተያያል።

መጀመሪያ ያየው የሰባተኛ ፎቁ ጠበቃ ነው። ጠበቃ ደግሞ ያየውን ዝም ብሎ አያይም። «ጋሽ አሳንሰር በደረጃ ሲወጣ አይታችኋል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የገመዷን ነገር ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ባለቤቱ የናቀውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።» ወሬ ደረጃ አያደክመውም፤ በዚያው ቀን ስምንተኛ ደረሰ። በሳምንቱ አሳንሰሯ ባዶዋን ተገትራ ቀረች። ሕዝቡ እያለከለከ ደረጃውን አጣበበው።

ሰውዬው ሊያስረዳ ሞከረ። «ስኳር ይዞኝ ነው እኮ! እሷ ጤነኛ ናት!»

ጠበቃው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ይገባናል፣ ጋሼ። የእንጀራ ነገር ነው። ባለሕንፃው ዝም በል ብለውዎታል።»

«ኧረ ማንም ምንም አላለኝም!»

«እንደሱ ነው እንጂ» አለ ጠበቃው፤ ምስጢር ጠባቂ ነው ብሎ ጭራሽ አከበረው።

ባለሕንፃው ሰማ። ቢሮው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እንደ ቁምሳጥን ሰፊ ሰው ነው፤ አሳንሰሯ እሱን ስታወጣ ትቃትታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ተከራዮቼን ልትበትንብኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ከዛሬ ጀምሮ ደረጃ ላይ ባይህ ሥራህን ትለቃለህ። ተሳፈር! ሰው እያየህ ተሳፈር!»

እንግዲህ ምን ይሁን? ቢሳፈር መርፌ፣ ባይሳፈር ሥራ ፈት። ሐኪሟ ለሰጠችው ቀጠሮ አምስት ሳምንት ቀርቷል። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ በሕንፃው ጀርባ ማንም የማይረግጠው የብረት ደረጃ እንዳለ ትዝ አለው፤ ለእሳት አደጋ የተሠራ። ከዚያ በኋላ በጀርባ በእግሩ ይወጣል፤ በፊት ለፊት በአሳንሰር እየወረደ ምድር ቤት ሲደርስ በሩን ከፈት አድርጎ «አቤት ምቾት!» ይላል፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ተባባሪ ሆና ድራማውን በኋላ መስኮት ትነግረው ጀመር።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ጠበቃው ግን መቁጠር ያዘ።

«ሁልጊዜ ሲወርድ ነው የማየው» አለ። «ሲወጣ ያየው አለ?»

ማንም የለም።

«በቃ! ስትወርድ ደህና ናት። ስትወጣ ነው የማትታመነው።»

ሕዝቡም አመነ። ጠዋት ሁሉም በእግሩ ይወጣል፣ ማታ ለመውረድ በአሳንሰሯ በር ላይ ይሰለፋል። ባለሕንፃው ይሄን ሲሰማ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ እኔና አንተ አብረን ሽቅብ እንሳፈራለን» አለ። «ከዚያ ወዲያ እግርህን ደረጃ ላይ እንዳላየው። የፊቱም ላይ የኋላውም ላይ!»

ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። መርፌው ያስፈራው ነበር፤ ያ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ደረጃው ሊቀርበት ነው ብሎ ማዘኑ ነው። ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ሲወጣ ፊቱን የሚመታው ነፋስ፣ ስምንተኛ ላይ ሲደርስ ልቡ ደረቱን የሚደበድብበት አደበዳደብ፣ «አሁንም አለሁ» የሚል ስሜቱ። «ይሄን ሊከለክለኝ ነው» አለ ለሚስቱ፣ ጫማውን እያየ። ሚስቱ ልትስቅ ከፍታው የነበረውን አፏን ዘጋችው።

ሰኞ ሆነ። ምድር ቤቱ በሰው ጢም አለ። ባለሕንፃው ገባ፣ ሰውዬው ገባ። ባለሕንፃው አልበቃው ብሎ «ኑ ግቡ! ምን ያስፈራችኋል?» እያለ ጠበቃውንና ሌሎች አራት ተከራዮችን ጎትቶ አስገባ።

«ጌታዬ፣ ስድስት ሰው ነው የምትይዘው፤ ሰባት ሆንን...»

«አሁንም ታስፈራራለህ?»

ደወሏ ጮኸች። ክብደት በዝቷል፣ አንድ ሰው ይውረድ ማለቷ ነው። የማን ክብደት እንደበዛ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። ደወሏ አልታክት አለች።

«እኔ ልውረድ» ብሎ ሰውዬው ዘሎ ወጣ።

«አንተ ከወረድክ ምኑን አሳየን!» ብሎ ባለሕንፃው ሳይጨርስ በሩ ተዘጋ።

ሰውዬው የቁጥሩን መብራት አየ፤ ደረጃውን አየ። በቃ፣ እግሩ ከእሱ ቀድሞ ሄደ። አሳንሰሯ ውስጥ ደግሞ ሰው ተጣብቦ ስለቆመ የአንዱ ጀርባ ቁልፎቹን ሁሉ ተጭኗቸው ኖሯል፤ ከአራተኛው በቀር በየፎቁ እየቆመች፣ በሯን እየከፈተች፣ እያዛጋች ነው የምትወጣው። አምስተኛ ላይ ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ! ባሏ ተመለሰ!» ብላ ጮኸች። «ስመለስ!» ብሏት አለፈ።

ስምንተኛ ላይ በሩ ሲከፈት ሰውዬው ፊት ለፊት ቆሟል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

«በምን... በምን መጡ?» አለ ጠበቃው።

«በእግሬ።»

ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም። ጠበቃው ከራሱ እስከ እግሩ አየው። «ስኳር ያሉት እውነትዎን ነበር እንዴ?»

ባለሕንፃው ሌሎቹን አሰናብቶ ሰውዬውን ቢሮው አስገባውና በሩን ዘጋ። ሥራዬ አበቃ አለ ሰውዬው በልቡ። ባለሕንፃው መሳቢያውን ስቦ አንዲት ትንሽ ሣጥን ከፈተ። ሰውዬው ውስጧን ሲያይ ፊቱን አዞረ፤ መርፌ ነበር።

«በቀን ሁለቴ» አለ ባለሕንፃው፣ ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ። «ስድስት ዓመቴ። ከሚስቴና ከሾፌሬ በስተቀር ለማንም አልተናገርኩም። ይሄን ደረጃ ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም።» ሣጥኗን ዘጋ። «በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

ሰውዬውን ከልቡ አሳዘነው። «ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጌታዬ» አለ። «መጀመሪያ ግን ሐኪምዎን ይጠይቁ። መርፌውን ደግሞ በራስዎ እንዳያቆሙ።»

ሐሙስ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «ወርዷል። መርፌ የለም» አለች። ሚስቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ከፈለጉ አሁን በሳምንት አምስት ቀን ይበቃዎታል።»

«ሁለቱን ቀን ምን ልሁን ነው የምትይኝ?» ብሎ ተቆጣት።

አሁን ባለሕንፃው በየጠዋቱ አብሮት ይወጣል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆምና ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል። «ይቺ አምፖል ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ጌታዬ። ቀስ ብለው ይዩዋት።»

ጠበቃው ሁለቱንም አየና የስኳሩን ነገር ረሳው። «አላልኳችሁም?» አለ ለሕዝቡ። «አሁንስ ባለሕንፃው ራሳቸው!» ከዚያች ቀን ወዲህ በአሳንሰሯ ሽቅብም ቁልቁልም የሚሳፈር ጠፋ።

ሰውዬው ግን በየቀኑ ከሥራ ሳይወጣ ሦስት ጊዜ ባዶዋን ስምንተኛ ልኮ ይመልሳታል። ልብስ ሰፊዋ በሯን ቆልፋ ስትወርድ አንድ ቀን ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ውስጧ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ያመላልሷታል?»

ሰውዬው የአሳንሰሯን በር በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«ስኳር እንዳይዛት» አላት።