ሰባት መጋረጃ

እንኳየሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ስትገባ አናጢው አለነ ሥዕሉን ታቅፎ ከመሰላል ሲወርድ አየችው። ተመልሳ በሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወዴት ነው? የገብርኤልን ሥዕል ገበያ ልታወጣው ነው?»

«ኧረ እሜቴ፣ ገበዙ ናቸው ያዘዙኝ!» ከኪሱ አራት የጠርሙስ ቡሽ አውጥቶ አሳያት። «ከግድግዳው እንዲርቅ ይኸን ከጀርባው ላደርግበት ነው። ድንጋዩ ክረምቱን ሙሉ ያልበዋል።»

እጇን ከበሩ ቶሎ አላነሣችም። በሥዕሉ ግርጌ፣ ከመልአኩ እግር ሥር፣ ልጇ ቢያዝን ፊቱን ወደ ሰው መልሶ ተደፍቶ ተሥሏል። በጠላት ጊዜ ሊማሊሞ ላይ የቀረ ነው። ፎቶግራፍ አልነበረውም። ሠዓሊው መልኩን ከእሷ አፍ እየሰማ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ሣለው፤ አሁን ሠዓሊውም በሕይወት የለም።

የሐምሌ ገብርኤል በመጣ ቁጥር ሥዕሉን በስለት መጋረጃ ታለብሰዋለች። ለታቦት የተሰጠ ጨርቅ አይነሣምና አዲሱ ባሮጌው ላይ ይደረባል። ዛሬም ስምንተኛው በብብቷ ነበር።

አለነ ሥዕሉን ምንጣፍ ላይ አጋድሞ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። የላይኞቹ ደህና ነበሩ። የመጨረሻው ሻግቶ ከክፈፉ ጋር ተጣብቋል። እንጨቱን በጥፍሩ ቢነካው እንደ ራሰ ዳቦ ፈረሰ።

«እኔኮ ብርዱን ይከላከልለት ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ግን እርስዎስ ሰባት ጋቢ ደርበው እርጥብ ግድግዳ ቢደገፉ አይታፈኑም?»

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። አልሣቀችም። ሥዕሉ የተሸፈነበትን መስተዋት በነጠላዋ ጫፍ ትወለውል ጀመር፤ ጉሙ ግን ከውስጥ ነው። የመልአኩ ክንፍና ሰይፍ ይታያሉ። ከቢያዝን ግንባሩና አንድ ዓይኑ ቀርተዋል፤ የቀረው ቀለም ከመስተዋቱ ላይ ተለጥፏል።

«መስተዋቱን አንሣና ጥረግልኝ።»

«ካነሣሁት ፊቱም አብሮ ይመጣል፣ እሜቴ።»

«ካላነሣኸውስ?»

«እንዳለ ይኖራል። ከጀርባው ነፋስ ካገኘ አይብስበትም። መጋረጃው ግን ከእንግዲህ…»

እንኳየሁ ጣቷን በቀረው ዓይን ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«በል ስቀለው» አለች።

አለነ የተበላውን እንጨት ጠግኖ ቡሾቹን በአራቱ ማዕዘን መታና ሥዕሉን ያለ መጋረጃ ሰቀለው። በክፈፉና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። እንኳየሁ ስምንተኛውን መጋረጃ ስለቴ ለቤተ ክርስቲያኑ በር ይሁን ብላ ለገበዙ ሰጠች፤ ዝናቡ ሳያባራ ወደ ቤቷ ሄደች።