የእማማ አግራፌና ወንዝ

በኛ አገር ሙሽራ ሙሽሪትን ተሸክሞ ድልድይ ያሻግራል። በሌላ ከተማ ቀላል ነገር ነው፤ የከተማችን የማግኒቶጎርስክ ድልድይ ግን ከኤስያ ተነስቶ አውሮፓ ነው የሚደርሰው። በግራው ዳር ብረት እናቀልጣለን፣ በቀኙ ዳር እንተኛለን፤ መሐል ላይ የኡራል ወንዝ በግድብ ታፍኖ እንደ ሐይቅ ተንጣልሏል። ብልህ ሙሽራ ከታክሲ የሚወርደው ድልድዩ ሊያልቅ ሲል ነው። ጥቂት ተራምዶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወደ ግብዣው ይሄዳል።

ወዳጄ ቬንያ ይህ አልተፈቀደለትም።

ቬንያ የትራም መስመር ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቀጭን፣ ንፋስ የሚያንገዳግደው። ሙሽሪቱ ሪማ ደግሞ የብረት ፋብሪካው ክሬን ኦፕሬተር ናት፤ ደልደል ያለች፣ ስትስቅ መስኮት የምታንቀጠቅጥ። ያሳደጓት አያቷ እማማ አግራፌና ሲሆኑ፣ የሚኖሩት በግራው ዳር፣ ሊፈርስ በተቃረበ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ለሙሽሮቹ በቀኙ ዳር ሁለት ክፍል ሲሰጣቸው ሪማ ያለ አያቷ ንቅንቅ አልልም አለች። አያትየው ደግሞ ከቤቴ አልወጣም አሉ። ብዙ ከተለመኑ በኋላ እንዲህ ሲሉ ቆረጡ፦

«ባሌ ፕሮሆር ከኤስያ እስከ አውሮፓ ተሸክሞኛል። ይሄ ልጅ እንደሱ ከተሸከመሽ ሳጥኔን ይዤ እመጣለሁ። ካቃተው ግን እዚሁ እሞታለሁ።»

«እማማ፣ ድልድዩ እኮ ከኪሎ ሜትር በላይ ነው!» አልኩ። ሚዜው እኔ ነበርኩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ አርካሻ? ተሸካሚው አንተ ነህ?»

የሠርጉ ቀን ቬንያ ከድልድዩ ጫፍ ሪማን አንስቶ ጉዞ ጀመረ። እኛም ተከተልን። በትራም የሚያልፉ ሠራተኞች አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ወንድሜ፣ ክሬን እንላክልህ?»

«ክሬኗንማ ተሸክሟታል!» አለ ሌላው።

ሲሶውን ሳይጨርስ ቬንያ በየአምስት እርምጃው ይቆም ጀመር።

«አውርደኝ ቬንያ፣ ትሞትብኛለህ» አለች ሪማ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ስታወሪ ትከብጃለሽ።»

በመጨረሻ የድልድዩ መደገፊያ ብረት ላይ አስቀምጧት፣ እግሯ መሬት እንዳይነካ አቅፎ እንደያዛት፣ እያለከለከ ዞረ።

«እማማ አግራፌና፣ ያኔ ድልድዩ ነበር እንዴ?»

«የምን ድልድይ! ሰው ሁሉ በድንኳን ያድር በነበረበት ጊዜ! ግድቡም ገና አልተሠራም።»

«ታዲያ ፕሮሆር እንዴት አሻገረዎት?»

«በእግሩ ነዋ። ውኃው እስከ ጉልበቱ ነበር።»



«ስፋቱስ?» አለ ቬንያ።

ወጥመዱ ለእማማ አግራፌና ገብቷቸዋል፤ ወንዙ ጠባብ ከነበረ የቬንያም ሸክም ያጥራል። ደስ ያላቸውን ቢናገሩ የሚከራከራቸው አልነበረም፤ ከመካከላችን ያንን ወንዝ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ውኃውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ቀኙ ዳር የተጠጉ ሁለት የመብራት ምሰሶዎችን በጣታቸው አሳዩ።

«ከዚያኛው እስከዚያኛው» አሉ እየከበዳቸው። «ሌላው ሁሉ ሣር ነበር። አሁን እናንተ የቆማችሁበት ፍየል ይግጥበት ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አውርዳታ! ፕሮሆር ሣር ላይ ለምን ይሸከመኛል? እግር አልነበረኝም?»

ሁላችንም እየሳቅን እስከ መጀመሪያው ምሰሶ በእግራችን ሄድን። ቬንያ ሪማን እንደገና አነሳት፣ አሻገራት፣ ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ ተያይዘው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ጭብጨባው ቀለጠ፤ አንዱ የትራም ሹፌር ደወሉን ደጋግሞ መታልን።

እማማ አግራፌና ግን ከመጀመሪያው ምሰሶ፣ ከድሮው ወንዝ ዳር፣ አላለፉም። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ቃልዎን ሊያፈርሱ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ማን አፈርሳለሁ አለ? እናንተ ሂዱ። እመጣለሁ።»

አልመጡም። አንድ እግራቸውን አንስተው መልሰው እዚያው አሳረፉት።

ሪማ ቬሎዋንና አበባዋን እኔ ላይ ጥላ ተመለሰች። አያቷን ከነቦርሳቸው እንደ ሕፃን አነሳቻቸው።

«አውርጂኝ አንቺ ጋጠወጥ! ሰው እያየን!» እያሉ ትከሻዋን በቡጢ ይመቷት ጀመር። ሪማ መራመዷን ቀጠለች። ቡጢው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ እጃቸው አንገቷ ላይ ቀረ።

ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ልታወርዳቸው ጎንበስ አለች። እማማ አግራፌና ቁልቁል ውኃውን አዩ።

«ትንሽ ወደፊት» አሉ። «እዚህ ጋ ጭቃ ነበር።»