ገበር ያለው መጋረጃ

ልብስ ሰፊዋ የመጋረጃውን ጫፍ ከገበሩ ጋር አጋጥማ በእስፒል እየያዘች ነበር። ጠረጴዛው ስለማይበቃት ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግታ በጉልበቷ ትሄድበታለች። በየመሃሉ ቆም ትልና የቀኝ እጇን ጣቶች ብብቷ ስር ከታ ታሞቃቸዋለች። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናቸው፤ ፀሐይ ከፍ እስክትል አይታጠፉላትም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈላት በኋላ፣ እስክሪብቶውን እየከደነ፣ ቆላ አገር ዘመድ አላት እንደሆነ ጠይቋት ነበር።

የሚኖሩበትን ቤት ባለቤቱ ለልጁ ፈልጎታል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ከባሏ ጋር የሚሄዱበትን ቦታ ሲመርጡ ከረሙ። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም። የእሱ ልብ ያለው ተራራው ላይ፣ እናቱና ወንድሞቹ የሚኖሩበት ከተማ ነው፤ አየሩ ንጹሕ፣ ትንኝ የሌለበት፣ ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ጥሩ እንቅልፍ የሚተኛበት። የእሷ ልብ ሐይቁ ዳር ነው፤ መንገዱ ሜዳ፣ ማታ ማታ ሰው ከደጁ ወንበር አውጥቶ የሚጫወትበት፣ ጣት የማይቆረጥምበት። ሙቀት ሲነሳ እሱ ፊቱን ያጠቁራል። ብርድ ሲነሳ እሷ እጇን ታሳየዋለች። አንድ ቀን እራት ላይ እሱ ራሱ፣ "እሺ በቃ፣ ያንቺ እጅ ይበልጣል" አለ። ሳህን ላነሳ ብላ ወጥታ ማድ ቤት ውስጥ አለቀሰች።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄዶ የሚከራዩትን ቤት አየ፤ የመስኮቶቹን ልክ አመጣላት። መጋረጃዎቹ ገበር ይኑራቸው አለ። ለሙቀት አገር ገበር ምን ያደርጋል ስትለው፣ እዚያ ፀሐዩ ጨርቅ ይበላል አላት። በትዳራቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጨርቅ አሰበ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

በሩ ተንኳኳና የባሏ ታናሽ እህት ገባች። የሰማችውን ስለማታሳድር ቤተሰቡ "ሬዲዮኗ" ይላታል። የጠበባትን ቀሚስ ጎኑን ልታስለቅቅ ነው የመጣችው። ቀሚሱን ወንበር ላይ ጣል አደረገችና ጎንበስ ብላ መጋረጃውን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

"ይሄማ ብርድ ልብስ ነው፣ እታለም። እማዬ እንዴት ደስ እንደሚላት። በዚያ መስኮት ንፋስ ይገባል እያለች ስትነዘንዘው ነው የከረመችው።"

"በየትኛው መስኮት?"

ሬዲዮኗ ፈገግ እንዳለች ቀረች።

"እማዬ ጓሮ ያለው ቤት ነዋ። የምትገቡበት።" ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ከእሷ አልርቅም ያልሽው?"

የቀረውን ወሬ ልብስ ሰፊዋ ቀስ እያለች ከሬዲዮኗ አፍ አወጣችው። ባሏ የሐይቁን ዳር ቤት ላሳድስ ብሎ በወጣበት እሑድ፣ ከወንድሞቹ ጋር የእናቱን የጓሮ ቤት ኖራ ሲቀባ ውሏል። የመብራቱንም ሽቦ ዘርግቶ ጨርሷል። ቅዳሜ ዕቃቸውን የሚጭነው መኪና የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሬዲዮኗ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔ መንገሬን እንዳታነሺ ብላ ለመነቻት። ቀሚሷን እንኳ ሳታስለካ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አንስታ ሐይቁ ዳር ላሉት አከራይ ደወለች። አንድ ጊዜ ስለ በረንዳው ተነጋግረው ነበር። ሴትዮዋ ድምፅዋን ለዩት።

"እንኳን ደወልሽ፣ ልጄ። ባለቤትሽ፣ ሚስቴ ሙቀት አይስማማትም ሲለኝ አዝኜልሽ ነበር። አሁን እንዴት ነሽ?"

ደህና ነኝ አለቻቸው። ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራይቷል። ከጓሮ አንዲት ክፍል ግን አለች፤ ጠባብ ናት፣ ፀሐይ ግን ቀኑን ሙሉ አያጣትም አሉ። አመስግና ዘጋች።

ማታ ባሏ ባዶ ካርቶኖች ታቅፎ መጣ። መጋረጃው አሁንም ወለሉ ላይ ነበር፤ እንዳይረግጠው ተጠንቅቆ ተሻገረው።

"ቅዳሜ መኪናው ወዴት ነው የሚሄደው?" አለችው።

ካርቶኖቹን አላስቀመጠም።

"ማን ነገረሽ?"

"እሱን ተወው።"

"ልነግርሽ ነበር እኮ።"

"መቼ? መኪናው ወደ ዳገቱ ሲታጠፍ?"

ተቀመጠ። ብዙ አወራ። እናቱ እያረጁ ነው፤ ቤቱ ኪራይ የለውም፤ ማሞቂያ ይገጥምላታል፤ ወፍራም ጓንት ይገዛላታል። በጓንት መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ሰው አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ቀና ሳይል እንዲህ አላት፦

"ሐይቁ ዳር ሄጄ እዚያ ቤት አድሬ ነበር። በላብ ተነክሬ፣ አልጋውን ትቼ ሲሚንቶው ላይ ተኝቼ ነጋ። እኔ እዚያ መኖር አልችልም።"

እውነቱን እንደሆነ አወቀች። የባሰ የተናደደችውም ለዚህ ነበር።

"ይህን ብትለኝ ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር። የማያቃጥል፣ የማይቆረጥም ስንት ከተማ አለ።"

"እምቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ።"

"እምቢ እል ይሆናል። የተጠየቀ ሰው እኮ እምቢም ይላል።" አንድ እስፒል ከመጋረጃው ነቀለችና፣ "ለአከራይዋስ ለምን እኔ ነኝ የማልችለው አልካት?" አለችው።

ፊቱን በእጁ አበሰ።

"ወንድ ልጅ ሙቀት አቃተኝ ብሎ ይናገራል?"

ስልኳን አነሳችና እዚያው ፊቱ ደወለች።

"እናቴ፣ ያቺን ክፍል ለእኔ ያቆዩልኝ።" ወዲያ ማዶ የሚሉትን አዳመጠች። "አይ። ለአንድ ሰው ነው።"

እሱ ከተቀመጠበት ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ። ሰው ምን ይላል፣ እናቴን ምን ልበላት አለ። የፈለገውን ይንገራቸው፣ በእሷ ስም መናገር ለምዷል አለችው። የተናገረችው ጮኻ አልነበረም።

ከመሳቢያው ካቻቢቴ አወጣችና የስፌት መኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ጋር የያዙትን ብሎኖች መፍታት ጀመረች። አንዱ ጠንክሯል። ጣቶቿ ተንሸራተቱ፤ እንደገና ያዘች። እሱ አጠገቧ መጥቶ እጁን ዘረጋ፣ ካቻቢቴውን እንድትሰጠው። አልሰጠችውም። ብሎኑ ሲፈታ የቀሩት አላስቸገሯትም። የመኪናውን ራስ ሁለት እጇን ስር አስገብታ አነሳችው፣ በአሮጌ ፎጣ ጠቀለለችው፣ በገመድ መሃሉን አሰረችው። ከዚያ እሱ ካመጣቸው ካርቶኖች አርቃ፣ በሩ ጥግ፣ ለብቻው አስቀመጠችው።