ግንባራቸው ላይ የተጻፈው

የሰርግ ፎቶ አንሺው ሦስት የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሮችን አማርጦ የሚበጀውን ካወቀ ቆይቷል፤ ክፈል ሲባል ግን ቋጣሪ ነው። አባቱ ሲሞቱ የተገኘው አንድ ጥሬ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ከካሜራው እንደወጣ የቀረ፣ ፊታቸው በጥላ የተዋጠ። "ለአንድ ፎቶ ብዬ የዓመት ክፍያ ልከፍል? ምን በወጣኝ!" አለና በነጻ በሚሞከረው አፈካው። ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ነበር። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ፎቶው ከማተሚያ ቤት በፍሬም ሆኖ መጣ፤ ለካ ሶፍትዌሩ ፎቶው ለኅትመት ሲወጣ ግንባራቸው ላይ በትልቁ "ለሙከራ" ብሎ አትሞባቸዋል።

ማንበብ የማይችሉት እናቱ ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት። "ምንድን ነው የሚለው፣ ልጄ?"

"ነፍስ ይማር ነው፣ እማዬ።"

"ተባረክ። መቃብሩ ላይም ይቺኑ አስጽፍልኝ።"