ቁስል የሌለው በደል

እህቴ መክሊት ስድስት ዓመቷ ነው። ሳል ይዟት ከረመና ብቸና ላይ ፈረደ የሚባል ሰው የከፈተው ክሊኒክ በየሳምንቱ እየተመላለሰች ራጅ ተነሳች። መድኃኒቱ መሥራቱን በሌላ በምን ላውቅ ይላል ፈረደ። የኛ አገር ሰው ደግሞ ትልቅ ፊልም ይወዳል፤ ካነሰ የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ ደረቷን ብቻ ማንሳት ሲበቃ፣ ጨረሩን ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ይከፍትባትና እሱ ከግንቡ ኋላ ይገባል።

ሳሉ አልለቅ ሲል ሞጣ ወሰድኳት። እዚያ ራጅ የምታነሳው ሰሎሜ ጨረሩ የሚያርፍበትን መብራት ደረቷ ላይ ብቻ አጥብባ፣ ኃይሉንም በልጅ ልክ ዝቅ አድርጋ አንዴ ብቻ አነሳቻት። ሐኪሙ አስም ነው አለ። ሰሎሜ የብቸናውን ፊልም ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠረች አየች። ነገሩን ንገሪኝ ብዬ ያዝኳት።

«ራጅ ሲያስፈልግ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል። ይኼ ግን አላስፈለጋትም» አለችኝ። «የልጅ ገላ ገና አዳጊ ነው፣ ጨረር ይበረታበታል። ምንም ላይሆን ይችላል። ከሆነም የሚታወቀው ካደገች በኋላ ነው።»

ስንመለስ መክሊት ጭኔ ላይ ተኛች። እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ በሐሳቤ ፈረደን ከዓባይ ድልድይ ወረወርኩት። አውጥቼም ደግሜ ወረወርኩት። ብቸና ስንደርስ ግን ያገኘሁት የክሊኒኩን መስኮት ብቻ ነበር፤ በዱላ አረገፍኩት። ጎረቤት ይዞኝ ከፈረደ ጋር ለሽማግሌ ሰጠን።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ የኔሰው ናቸው። «ቁስሉ የት አለ ልጄ? እኛ ካሳ የምንቆርጠው ቁስል አይተን ነው» አሉኝ።

ፈረደ ፈገግ አለ። «ፎቶ እኮ ነው አባቴ። ፎቶ ሰው ይጎዳል?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ።

«ካሳ ይቅርብኝ» አልኩ። «እሱም ትንሽ ልጅ አለችው። እንደ እህቴ በየሳምንቱ ያንሳትና እንታረቅ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቀላል ነገር መሰላቸው፤ መሪጌታም በል እሺ በለው አሉት። ፈረደ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄማ አልታመመችም» አለ።

«ፎቶ ነው አላልክም?» አሉት መሪጌታ። ፈረደ እሺ አላለም። እሺ ቢል ኖሮ አስነሳት ነበር ወይ? አስነሳት ነበር። ያን ቀን ልቤ እንደዚያ ነበር።

ጥፋቱ የሱ ነው ተብሎ ተፈረደ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጊዮርጊስ ደጃፍ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አገር እያየው ፊቴ ጎንበስ አለ። ደንቡ እኔ ድንጋዩን ከጫንቃው አውርጄ ይቅር ለእግዚአብሔር ማለት ነው። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። እጄን አላነሳሁም።

«አውርድለት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ መሪጌታ።

«መክሊት እስክታድግ ነዋ፣ የኔታ። አድጋ፣ ወልዳ፣ ደህና መሆኗን ሳይ አወርድለታለሁ።»

ከተበዳዩ በቀር ድንጋዩን የሚያወርድለት የለም። የመክሊትን እጅ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።