የእማ ቻናል

«እጅህን ከሱ ላይ አንሳ!»

አስመረት ስትጮህበት ያፌት የሉላን ላፕቶፕ ገመድ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ደጅ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ቤቱ ዞሩ።

«ማዘር፣ ልወስደው አይደለም። ከሉላ ጋር የጀመርነው የደንበኞች ሥራ አለበት፣ ገልብጬ እሄዳለሁ።»

«ልጄን ወስደህ አልበቃህም፣ አሁን ደግሞ ዕቃዋን! ያን ዕለት ‹ስቱዲዮ ነይ፣ ድረሺልኝ› ብለህ ባትጠራት ሩዋንዳ ሰፈር ምን ትሠራ ነበር? መኪናው የት ያገኛት ነበር?»

«አስሙዬ፣ ሰው ይሰማል» አለቻት ጎረቤቷ ምንትዋብ በሹክሹክታ።

«ይስማ! ቦሌ ሚካኤል በሙሉ ይስማ!»

አስመረት ከልጇ የድምፅ ቀረጻ ሥራ ጋር ስትጣላ ነው የኖረችው። ማዳመጫው ያደነቁራታል፣ ኤሌክትሪክ ይይዛታል፣ ስታመሽ ሌባ ይጠብቃታል። ሉላ በር ከፍታ እስክትገባ ድረስ በየቀኑ አንድ ሞት ታስብላት ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ዜብራ ላይ የሚመጣውን ግን አላሰበችውም።

ያፌት የከፈተው የድምፅ ማቀናበሪያ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። ከቻናሎቹ፣ ከድምፅ መስመሮቹ፣ አንዱ «እማ» ይላል። የሱ ቁልፍ ብቻ ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ ተጠምዟል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጌይን ነው። የሚገባው ድምፅ ምን ያህል ይሁን የሚባልበት።»

«ታዲያ የኔን ለምን ደፈነችው? አፌን ልትዘጋኝ?»

«ይጮሃሉ፣ ማዘር። ካልተቀነሰ ድምፅዎ ይሰነጠቃል።»

«አይንህን ላፈር!»

ግን አስታወሰች። አንድ እሁድ ሉላ ማይክ ጠረጴዛው ላይ አቁማ «እማ፣ ስለ ልጅነትሽ አውሪኝ» ብላት ነበር። የምትቀልድባት መስሏት ተቆጥታ ተነሳች።

«ያን እሁድ ነው የቀዳችው? እሷስ አለችበት?»

«አለች። ከማይኩ ርቃ ስለነበር ግን በደንብ አትሰማም። ጌይኑን ከጨመርኩት ደግሞ እርስዎ ሲገቡ ቤቱን ያፈርሱታል።»

«ጨምረው።»

ያፌት ጨመረው። መጀመሪያ የመጣው የፍሪጁ ጉምጉምታ ነበር። አንድ የድምፅ ማጣሪያ ፊልተር ሲያበራ ጉምጉምታው ጠፋና የሉላ ድምፅ ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ በቆርቆሮ ውስጥ ያለፈ የሚመስል።

«ይሄ የሷ አይደለም። ምን ቆረጥክባት?»

«ፍሪጁን ነው የቆረጥኩት። የሷም ወፍራሙ ድምፅ አብሮ ሄደ መሰለኝ።»

«መልሰው። ፍሪጁ እንደፈለገ ይጩህ!»

ፊልተሩን አጠፋው። ፍሪጁ ተመልሶ አጉረመረመ፣ ከሱ ጋር ሉላ መጣች፤ ያው ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው ጎርናና ድምፅዋ።

«እማ፣ ታውቂያለሽ? እኔ ያንቺን ድምፅ...»

«ሉላ! ያን ገመድ ከውሃው አርቂው! ይገድልሻል እኮ!»

የተቀዳው የአስመረት ጩኸት ስፒከሩን ሰነጠቀው። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ብድግ አሉ። ምንትዋብ አማተበች። ያፌት ሊቀንሰው እጁን ሲሰድ አስመረት አንጓውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው ጥርሷን ነክሳ። «ከመጀመሪያው አጫውተው።»

ያፌት መለሰው። ፍሪጁ አጉረመረመ።

«እማ፣ ታውቂያለሽ?» አለች ሉላ። «እኔ ያንቺን ድምፅ...»

አስመረት ነጠላዋን ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ፣ የራሷ አፍ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።