የፋሪሃ ጓጉንቸር

ልጄ ፋሪሃ አዋሽ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆና ስትገባ፣ ቦታው ትምህርት ቤት አይባልም ነበር። አስተማሪው ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይቀራል። ተማሪው አጥር እየዘለለ መናኸሪያ ሲዞር ይውላል። ወላጁም "ሄደው ምን ሊማሩ" ብሎ ትቶት ነበር።

እሷ አስተካከለችው። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም ይሄን የምለው፣ አላህ ያያል። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። የደከመውን ልጅ ከሰዓት አስቀርታ ራሷ ታስጠናለች። አስተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያነጋገረች ዱላቸውን አስጣለቻቸው። ዱላውን ሁሉ ለጥበቃው ለሐብታሙ ሰጠችው፤ እሱም ሻይ አፈላበት።

"እትዬ ሰኢዳ፣" ይለኝ ነበር ባለፍኩ ቁጥር፣ "የሒሳብ አስተማሪው ዱላ ከሁሉም ቶሎ ያፈላል።"

ከዚያ ፋሪሃ ጓጉንቸር ገዛች። ሰልፉ አልቆ ባንዲራ ከተሰቀለ በሩ ይቆለፋል። ያረፈደ ተማሪም ሆነ አስተማሪ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

"እማ፣ ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፣ ሰዓት ብቻ ነው" አለችኝ።

ሁሉም ወደደው። ከወረዳ መጥተው አመሰገኗት። እኔም ሰግጄ ሳበቃ ለዚያ ጓጉንቸር ዱዓ አድርጌያለሁ።

ሞሚና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ የአፋር ልጅ። ከከተማው ውጪ ካለ መንደር በእግሯ ነው የምትመጣው። ፋሪሃ እንደ እሷ የምትወደው ተማሪ አልነበራትም። "ይቺን ልጅ ሐኪም ሳላደርግ አላርፍም" ትል ነበር። ልጅቷ ግን ታረፍዳለች። ጣቷን በአጥሩ ሽቦ አስገብታ ውጪ ቆማ አይቻታለሁ።

"ልክፈትላት?" ይላል ሐብታሙ።

"ለእሷ ከከፈትኩ ለሁሉም መክፈቴ ነው።" ትላለች ፋሪሃ። ወደ ልጅቷ ዞራም "ምን አስቆየሽ?" ትላታለች።

"መንገድ ላይ ሰዎች አገኘሁ።"

"ታዲያ ሰላም ብለሽ አትሮጪም?"

ሞሚና አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። እንዲህ እየተመለሰች እየተመለሰች አንድ ሰሞን ጭራሽ ጠፋች። ፋሪሃ መንደሩ ድረስ ሄዳ አባትየውን ብትጠይቀው "እኛ አላስቀረናትም፣ እናንተ ናችሁ የመለሳችኋት" አላት። ሰመራ ወዳለው አጎቷ ወደ ሁመድ ልኳታል። ለሁመድ ልጅ ልትዳር ነው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ እኛ እስካሁን ሚኒስትሪ የምንለው፣ ደርሶ ነበር። ሳትፈተን ከቀረች በቃ፣ ትዳራለች። ፋሪሃ ምግብ አልበላ አላት። ከሱብሂ ሶላት በኋላ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው ልጄ ታጁ በመኪናው ወሰደን። ገዋኔ ላይ ሻይ ልጠጣ ቢል ከለከለችው። ሚሌም ስንደርስ አትቁም አለችው።

"ዳይሬክተሯ፣ እኔንም ልትቆልፊብኝ ነው?" አላት። አልሳቀችም። እሱም ከዚያ በኋላ ሳይቆም ነዳ።

ሰመራ ስንገባ ሙቀቱ ዓይን አያስገልጥም። ሁመድን በቤቱ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሰላምታውን ገና ሳይጨርስ ፋሪሃ "ሞሚናን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ፈተናው ደርሷል" አለችው።

"ተቀመጡ" አለ። ውሃ አስቀዳልን። ከዚያ ረጋ ብሎ ጠየቀ፣ "ከየት ነው የመጣችሁት? መንገዱ እንዴት ነው? ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?"

ይሄ ዳጉ ነው። አፋር ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ቁጭ ብሎ ይሰጣል፣ የሌላውንም ይቀበላል። አይዋሽበትም፣ አይቸኮልበትም። ይሄን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስኖር አውቀዋለሁ። ፋሪሃን በክርኔ ጎሰም አደረግኳት።

"ጋሽ ሁመድ፣ እውነቴን ነው፣ ጊዜ የለኝም" አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። "ሞሚናም ሽማግሌዎቹን ጊዜ የለኝም ብላ ማለፍ ነበረባት?" አላት።

"የትኞቹን ሽማግሌዎች?"

"መንገድ ላይ የሚያገኟትን ነዋ! ከብት የሚነዱት ከየት መጣሽ፣ ምን አየሽ ይሏታል። ውሃ የት እንዳለ፣ በሽታ የት እንደገባ፣ ጠብ የት እንደተነሳ የምናውቀው በዚህ ነው። ልጅ ናት ተብላ አትታለፍም። እሷ ሮጣ ባለፈችበት ቀን ሰው ቢሞት ጥፋቱ በማን ነው?"

ፋሪሃ የያዘችውን ውሃ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ምን አየሽ ብለሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?"

ልጅቷ እዚያ አልነበረችም። ከአዳይቱ ወዲያ ከከብቱ ጋር ናት፣ ስልክ በማይሠራበት። ፋሪሃ እያለቀሰች "በሩ ክፍት ነው ብለው ይላኩላት" ብላ ለመነችው።

"ሰርጉ ይቆያል፣ ልጄ ይጠብቃል፣ እሱ አይደለም ችግሩ" አለ ሁመድ። "ግን አየሁ ብዬ ነው የምልከው ወይስ ሰማሁ ብዬ? በሩን እኮ አላየሁትም።"

እንደዚያ ብሎ ሸኘን።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ትምህርት ቤቱ በር መጡ። ሁመድ ነው የላካቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ግን ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አዩ።

"ቁልፉ አለ" አሉና ዞሩ።

ፋሪሃ ከቢሮዋ ሮጣ ወጣች። "ሐብታሙ! ንቀለው!"

"ጓጉንቸሩን?"

"በሩን! በሩን ከነማጠፊያው ንቀለው!"

ሐብታሙ ሦስት አስተማሪ ጠርቶ፣ ብረቱ እጃቸውን እያቃጠላቸው፣ በሩን ነቅለው መሬት ላይ አጋደሙት። ሽማግሌው ተመልሰው አዩ። ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። ፋሪሃም በዚያ ንጹህ ቀሚሷ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሲጠይቋት ተናገረች፣ ሲናገሩ ሰማች። ደወል ተደወለ፣ አልተነሳችም። ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ለምን በር እንደቆለፈች፣ ሞሚናን ስንት ጊዜ እንደመለሰች፣ አንዱንም አላስቀረችም።

የፈተናው ቀን በሩ በነበረበት ቦታ ላይ መስበሃዬን እየቆጠርኩ ቆምኩ። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ። ልጆቹ ገቡ። ወረቀት ታደለ። ከሌላ ከተማ የመጣው የፈተና ኃላፊ፣ አቶ ታሪኩ፣ ክፍሉን ዘጋው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ማንም አይገባም፣ የፈተና ሕግ ነው።

መንገዱ ባዶ ነው። ፀሐይዋ ከረረች። የመግቢያው ሰዓት ካለፈ በኋላ አቧራ ታየኝ፣ ከዚያ የተጨማደደ ዩኒፎርም። ሞሚና ናት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች።

"አስቆሙኝ" አለች እያለከለከች። "ሽማግሌዎቹ ስለ በሩ ጠየቁኝ። እውነት ተነቅሏል ወይ አሉኝ። ሁሉም ጠየቁኝ!"

ፋሪሃ ወደ ፈተናው ክፍል በረረች። ስትለምነው ይሰማኛል። በአላህ አለችው፣ በልጆችህ አለችው።

"እህቴ፣" አላት አቶ ታሪኩ፣ "ከፈለግሽ ለበላይ ጻፊና ጠይቂ። እኔ ግን አላስገባም። ሰዓት ማክበርን በዚህ ከተማ ያስለመድሽው አንቺ ነሽ አይደል?"

ተመልሳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሞሚና አንዴ እሷን፣ አንዴ የተዘጋውን ክፍል ታያለች። በሩ በነበረበት ቦታ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጪም ሳትሆን ቆማለች።

ፋሪሃ ሰማይ ላይ የሆነ ነገር የምትፈልግ ይመስል ቀና አለች። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

"ነይ ሞሚና፣ ተቀመጪ" አለቻት። "ከየት ነው የመጣሽው? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?"

ልጅቷ ጫማዋን አጠገቧ አስቀምጣ ተቀመጠች።

"ከአዳይቱ ወዲያ ሳር የለም" ብላ ጀመረች። "ሁለት ጥጃ ሞቷል። በመኪና ስመጣ ገዋኔ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ አየሁ፣ ሰው አልሞተም።" ምራቋን ዋጠች። "አባቴ ከኋላዬ እየመጣ ነው። ካልተፈተንሽ ዛሬውኑ ወደ ሰመራ እመልስሻለሁ ብሏል።"

"እህ" አለች ፋሪሃ። እንባዋ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ግን አላቋረጠቻትም። "እህ። ሌላስ?"

እኔ መንገዱን አየሁ። ከሩቅ አንድ ሰው ይመጣል።

"ፋሪሃ" አልኳት።

አየችው፣ አልተነሳችም። "ይምጣ፣ እማ" አለችኝ። "እሱንም እጠይቀዋለሁ።"